የደንገል መርከብና የጎደለው ድስት

ዐፄ ቴዎድሮስ በተነሡ ቁጥር ሁላችንም ወደ ሴባስቶፖል እንሮጣለን። መድፉ ለድርሰትም ለሥዕልም ለመፈክርም ይመቻል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼ ብርሃኑ ዘሪሁንን፣ አቤ ጉበኛን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን አንብበው ሲመጡ ስለ ንጉሡ የሚጽፉት ጽሑፍ ከሦስት ነገር አይወጣም ነበር፤ ከመድፉ፣ ከሽጉጡና ከመቅደላ ገደል። አልፈርድባቸውም። ያ ሁሉ ድራማ እያለ ማን ስለ ደንገል ጀልባ ይጽፋል?

እኔ ግን ዛሬ ስለ ደንገል ጀልባ ላጫውታችሁ ነው።

ነገሩ የተጻፈልን ሆርሙዝ ራሳም በተባለ ሰው ነው። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነው፤ ኋላ በእንግሊዝ መንግሥት ተቀጥሮ ኤደን ላይ የሠራ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ ቁፋሮ ሲያካሂድ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈባቸውን የሸክላ ሰሌዳዎች ከአፈር ያወጣ ሰው። (ሥነ ጽሑፍ ለሚወድ ሰው ይህ ብቻውን አንድ ዓምድ ይበቃዋል፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) እንግሊዞች ቆንስላቸው ካሜሮን ታስሮባቸው ስለነበረ እንዲያስፈታ ላኩት። በ1858 ዓ.ም. ጥር ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር መጀመሪያ የተገናኘው በዳሞት በኩል አሽፋ በተባለ ሰፈር ላይ ነው፤ የአገው ምድር ደጃፍ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጣና ወረደ። እሱ ቆራጣ ሰፈረ፤ ንጉሡ በማዶ ዘጌ።

ራሳም በ1869 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለንደን ላይ ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉ፣ ንጉሡ በዚያ ሰሞን የእንፋሎት መርከብ አስመስለው ለመሥራት ሲሞክሩ እንደነበር ይተርካል። ሁለት ትልልቅ ጀልባዎች ከደንገል አሠሩ። እያንዳንዱ ቁመቱ 60 ጫማ፣ ወርዱ 20 ጫማ። በእኛ ልኬት 18 ሜትር በ6 ሜትር ግድም ነው። ከላይ በሳንቃ ተረበረቡ። ከዚያ በግራና በቀኝ ጎናቸው መንኮራኩር ተገጠመላቸው። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ምንድን ነው? ቢላ መሳያ ድንጋይ እንደሚዞርበት ያለ እጀታ። እጀታውን የሚያዞረውስ? ሰው!

አብዛኛው አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ፈረንጆቹም ፈገግ ብለዋል። «ምስኪን ንጉሥ፣ በሣር መርከብ!» ዓይነት ፈገግታ ነው። እኔ ይኼን ፈገግታ አልወደውም፤ ለምን እንደማልወደው ልንገራችሁ።

ባሕር ወርደው የማያውቁ ንጉሥ ናቸው። ስለ እንፋሎት መርከብ የሚያውቁት በወሬና ምናልባትም በሥዕል ነው። ከዚያ ወሬ ውስጥ ግን ዋናውን ነገር ለይተው አውጥተዋል። በዚያን ዘመን የነበረው ብዙው የእንፋሎት መርከብ የሚሄደው በጎኑ ያለው መንኮራኩር ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ዘንግ ነው። ዘንጉን የሚያዞረው እጀታ ነው። እጀታውን ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ደግሞ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ፒስተን ነው። ቴዎድሮስ ከመንኮራኩሩ ተነሥተው ወደ ኋላ እየቆጠሩ እስከ እጀታው ድረስ ደርሰዋል። የጎደለው ከእጀታው ወዲያ ያለው ነው፤ ሲሊንደሩና ድስቱ። በጎደለው ቦታ ሰው አቆሙበት። ሞዴል የሚሠራ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያለውን ይሠራል፣ የሌለውን እስኪያገኝ በእጁ ያዞራል።

ቋንቋችንም ይህን ታሪክ በአንድ ቃል ይዞታል። «ባቡር» የምንለው ቃል ከጣሊያኑ «ቫፖሬ» ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ አፍ እየተለወጠ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ እንፋሎት ነው። መጀመሪያ የመርከብ ስም ነበር። ለዚህ ነው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ሲመጣ «የምድር ባቡር» ብለን መለየት ያስፈለገን። በገጠር የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው፤ በናፍጣ ይዞር በኤሌክትሪክ ስሙ አይለወጥም። አንዲት የባንጃ ባልቴት እህሏን አሸክማ «ባቡር ልሄድ ነው» ስትል በላቲን እንፋሎት እያለች ነው። እንፋሎቱ ሳይደርስላት ስሙ ደርሷታል።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ፤ የዚህ መሣሪያ የዘር ሐረግ ማድ ቤት ውስጥ ነውና።

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ ሄሮን የተባለ ሰው፣ ውኃ በሚፈላበት ድስት ላይ ሁለት የታጠፉ አፎች ያሉት ባዶ ሉል አስቀምጦ በእንፋሎት የሚሽከረከርበትን መንገድ ጽፎ ትቷል። አክሱም ከዚያ አካባቢ ጋር በምትነግድበት ዘመን ማለት ነው። መጫወቻ ነበረች፤ መጫወቻ ሆና ቀረች። በ1679 ደኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ለንደን ላይ አጥንት እስኪለሰልስ የሚቀቅል ክዳኑ የሚጠብቅ ድስት ሠራ። ድስቱ እንዳይፈነዳበት ክዳኑ ላይ ክብደት የተንጠለጠለበት መተንፈሻ አበጀለት። ዛሬ እያንዳንዳችሁ ማድ ቤት ሽንብራ እየቀቀለ «ፍሽሽ» የሚለው ፕሬዠር ኩከር የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ፓፔን ድስቱን ሲያየው ሲያየው፣ ክዳኑን የሚያነሣው ጉልበት ፒስተንም ያነሣል ብሎ አሰበና በ1690 ትንሽ ሞዴል ሠራ። ኒውኮመን በ1712 ትልቁን አቆመ፤ ከከሰል ጉድጓድ ውኃ የሚመጥ።

ጄምስ ዋት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ዕቃ ጠጋኝ ነበር። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት የሚጠቀምበት የኒውኮመን ሞዴል አልሠራ ብሎ በ1763 ለጥገና ለእሱ ተሰጠ። ሞዴሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ቀጥ ይላል። ዋት ለምን ብሎ ሲመረምር፣ ሲሊንደሩን በየጊዜው ማሞቅና ማቀዝቀዝ እንፋሎቱን እንደሚበላው ገባው። በ1765 እንፋሎቱ ለብቻው የሚቀዘቅዝበት ሌላ ዕቃ አሰበ። ይህን ሐሳቡን የሞከረበትን ሲሊንደር ከየት አመጣው መሰላችሁ? ሐኪሞች ሬሳ ሲመረምሩ የሚጠቀሙበት የናስ መርፌ ነው፤ ወርዱ 2 ኢንች የማይሞላ፣ ርዝመቱ 10 ኢንች። ዓለምን የገለበጠው መሣሪያ አሮጌ መርፌና ቆርቆሮ ነበር።

የዋት ባልደረባ ዊሊያም መርዶክም በ1784 ጠረጴዛ ላይ የምትቆም ባለ ሦስት እግር የእንፋሎት ጋሪ ሠራ። አንድ ማታ በመንደሩ ቀጭን መንገድ ሲሞክራት አመለጠችውና እሳት እየተፋች ስትሮጥ፣ የአጥቢያው ቄስ ሰይጣን መጣብኝ ብሎ ጮኸ ይባላል። ይህቺን ቀልድ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እነዚህን ሁሉ የደረደርሁት ፈረንጅን ላደንቅ አይደለም። ዋት ሞዴሉ ከሠራለት በኋላ ብዙ ዓመት ተንከራትቷል፤ ትልቁን ሲሊንደር እኩል አድርጎ የሚፈለፍልለት አጥቶ። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል እንፋሎቱ ያመልጣል፤ ጨርቅ ቢወትፍ፣ ወረቀት ቢጠቀጥቅ አልሆነም። መፍትሔው የመጣው ከመድፍ ሠሪ ነው። ጆን ዊልኪንሰን በ1774 የመድፍ አፈሙዝ የሚፈለፍል መሣሪያ ሠርቶ ነበርና በእሱ የዋት ሲሊንደር ተፈለፈለ። ሲሊንደር ማለት ባለ ፒስተን መድፍ ነው፤ መድፍ ማለት ደግሞ ፒስተኑ ወጥቶ የማይመለስ ሲሊንደር። የአንዱ ጥበብ ለሌላው ያገለግላል።

እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ወደ ጋፋት ተመለሱ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ንጉሡ የሰበሰቧቸው ሰዎች መድፍ እያቀለጡ ነው፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ኪንዝለን፣ ማየር፣ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል፣ ፈረንሳዊው ቡርጎ። ብዙዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። «አናውቅም» አሉ፤ «ሞክሩ» ተባሉ። መጀመሪያ ከሸፈ፤ ደገሙ። 7 ቶን ግድም የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. ወጣ። መድፉና የደንገሉ መርከብ በአንድ ሰው አእምሮ፣ በተከታታይ ዓመታት የተወለዱ መንታዎች ናቸው። አንዱ ሲሊንደሩን ይዟል፤ አንዱ መንኮራኩሩን። እኛ አንዱን ጀግንነት፣ ሌላውን ቅዠት ብለን ለያየናቸው። በእኔ ግምት በአንድ ወርክሾፕ ሃያ ዓመት ቢያድጉ ይገናኙ ነበር። ሃያ ዓመት ግን አልነበረም።

ጊዜ ብቻም አይደለም የጎደለው። የዚያን መርከብ ዕቃዎች አንድ በአንድ እንያቸው። የጣናን ደንገል አስሮ ታንኳ ማድረግ የማን ጥበብ ነው? በተለይ የወይጦዎች። ብረት ማቅለጥና መቀጥቀጥስ? የጠይቡ፤ ጎንደር ዙሪያ ብዙው ቤተ እስራኤል ነው። እሳት የሚችል ሸክላስ? የእነዚያው ሰዎች ሚስቶች። እንግዲህ አስቡት፤ ለእንፋሎት መርከብ የሚያስፈልገው የእጅ ጥበብ ሁሉ ጣና ዙሪያ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን አብረናቸው የማንበላ፣ የማንጋባ፣ ሲመሽ «ጅብ ይሆናሉ» ብለን በራችንን የምንዘጋባቸው ነበሩ። የመርዶክ ቄስ አንድ ማታ ደንግጦ ነጋለት። እኛ ዘንድ ግን እሳትና ብረት የሚያገናኝ ሰው ሁሉ ለዘመናት ቡዳ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። አዋጅ ማስነገሩ በራሱ የበሽታውን መጠን ይነግረናል። እንደ እኔ እንደ እኔ አዋጁ እስካሁን በሙሉ አልተሰማም። የዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ልጃችን ጋራዥ ገባ ሲባል ድምፃችን ዝቅ የሚለው ለምን ሆነና?

ንጉሡ የጎደለውን ከውጭ ለማምጣት ፈልገዋል። ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ነበር። ግን በዚያው በ1858 ሚያዝያ ራሳምንና ጓደኞቹን አሰሩ። እንግሊዞች ባለሙያዎቹን ቀጥረው ምጽዋ ድረስ አመጡ፤ «እስረኞቹ መጀመሪያ ይፈቱ» አሉ። ንጉሡ «ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ይምጡ» አሉ። ባለሙያዎቹ የምጽዋን ሙቀት ቀምሰው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን ሳነብ ያናድደኛል፤ በሁለቱም ወገን። ሰውን አስሮ ጥበብ ማስጨነቅ ለመድፍ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉ ነገር ግን አይሠራም።

ከዚያ እንፋሎቱ በሌላ መንገድ መጣ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ ሲወርድ ከሕንድ ሐዲድና ባቡር አምጥቶ ነበር፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ኩማይሌ 12 ማይል ግድም ዘረጋ። በዚህ አካባቢ ምድር ላይ መጀመሪያ የተሽከረከረው የእንፋሎት ባቡር የእንግሊዝን ስንቅና ጥይት ያመላለሰው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ የሆነው ሆነ። እንግሊዞች ሲመለሱ ሐዲዳቸውን ነቅለው ይዘው ሄዱ።

አሁን ደግሞ ወደ ዘንገና ልውሰዳችሁ። ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ በዛፍ የታጠረ ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 166 ሜትር ይደርሳል ተብሎ ተጽፏል። ፎቶ የሚያነሣው ብዙ ነው፤ እንዴት እንደተፈጠረ የሚጠይቀው ጥቂት። ቅልጥ ዐለት ከታች ሲወጣ ከከርሠ ምድር ውኃ ጋር ይገናኛል፤ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ውኃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋልና መሬቱ ይፈነዳል። የሥነ ምድር ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉድጓድ «ማር» ይሉታል፤ ቃሉ ጀርመንኛ ነው፣ ከአዊ ማር ጋር እንዳታምታቱት። ዘንገና ማለት እንግዲህ ክዳኑ የተፈናጠረ ድስት ነው። መተንፈሻ ያልተበጀለት።

በዚያ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአገሩ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ማገዶ እንዳታስቡ፤ ፋግታ ለኮማ ላይ ዴከረንስ እየተከለ ከሰል እያከሰለ ኑሮውን የለወጠ ገበሬ ስንት ነው። እሳቱም ውኃውም አለ ማለቴ ነው።

ዕቃውስ? የእንፋሎት ሞተር በቤት ውስጥ መሥራት በውጭው ዓለም የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ጡረተኛውም ተማሪውም ይሠራዋል። እኛ አገር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ሰፈር አለን። ቁራሌው እየጮኸ የሰበሰበው ሁሉ የሚያርፍበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ፣ በርሜል ምድጃ የሚሆንበት፣ የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ የሚሆንበት ቦታ ነው። ከዚያ ምን ምን ይገኛል? የተበላሸ ማቀዝቀዣ የመዳብ ቱቦ፤ የብስክሌት መንፊያ (ይህ ሲሊንደርና ፒስተን በአንድ ላይ ነው፣ ምን ቀረው)፤ የብስክሌት ራጂ ለዘንግ፤ የሲንጀር ስፌት መኪና መዘውር፤ ይህኛው ከባድ ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍና ጫፍ ላይ ሲደርስ እንዳይቆም ይዞት ያልፋል። ቀላሉ ዓይነት የተለየ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ነገር እንኳ አያስፈልገውም። ሲሊንደሩ ራሱ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ ወደ አንድ በኩል ሲያዘነብል ቀዳዳው ከእንፋሎቱ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል፣ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ከመውጫው ጋር። እዩት፤ ብልሃት ነው እንጂ ሀብት አይደለም።

ከዚያም የሚቀል አለ። በ1891 ቶማስ ፒዮ የተባለ ሰው እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያወጣባት የቆርቆሮ ጀልባ አለች፤ ሻማ የሚያሞቃት ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃና ወደ ኋላ ውኃ ውስጥ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ብቻ ናት። ውኃው እንፋሎት ይሆንና በቱቦው ውስጥ ያለውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ውኃው ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና። ጀልባዋ እየተንጣጣች ትሄዳለች። የሰርዲን ቆርቆሮና ኩራዝ ያለው የእንጅባራ ልጅ ሊሠራት ይችላል። መንኮራኩር እንኳ የላትም፤ ድስት ብቻ ናት።

ይህን አንብቦ ዛሬውኑ ፕሬዠር ኩከር ላይ ቱቦ የሚበይድ ጎበዝ እንዳለ አውቃለሁና አንድ ነገር ልበል። ክዳኑ ላይ ያለችውን ፉጨት አትድፈኗት፤ ፓፔን ያለ ምክንያት አላስቀመጣትም። የተደፈነ ድስት ምን እንደሚሆን ዘንገና ዳር ቆሞ ማየት ነው። መጀመሪያ በውኃ ብቻ ሞልቶ፣ ያለ እሳት፣ በእጅ መንፊያ ግፊቱን መፈተን የሠለጠኑት ሁሉ የሚያደርጉት ነው፤ ውኃ የሞላው ዕቃ ቢሰነጠቅ ያንጠባጥባል እንጂ እንደ እንፋሎት አይፈነዳም።

ከቴዎድሮስ በኋላ እንፋሎት ወደ አገራችን የገባው ተሠርቶ ያለቀ ሆኖ ነው። ኢልግና ሼፍኖ በ1886 ዓ.ም. የሐዲድ ውል ተዋዋሉ፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ደረሰ። አርመኑ ሰርኪስ ቴርዚያንም የመንገድ መዳመጫ የእንፋሎት መኪና አምጥቶ የከተማው ሰው «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰይሞለታል። ሁሉም ተገዝቶ መጣ፤ ተገዝቶ የመጣ ነገር ደግሞ ሲሰበር ተገዝቶ የሚመጣ ጠጋኝ ይጠብቃል። ከዚህ ያመለጡት ወርክሾፕ የተሠራላቸው ናቸው። የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች ለትውልድ ሲሠሩ መለዋወጫ እየቀረጹ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በጎረቤት ኤርትራም ከ1994 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ፣ በጦርነቱ ጊዜ ሐዲዱ ተነቅሎ ምሽግ የሆነበትን የአሥመራ–ምጽዋ መስመር የመለሱት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ሐዲዱን ከምሽግ እየነቀሉ፣ የጣሊያን ዘመን የእንፋሎት ባቡሮችን በራሳቸው እጅ እየጠገኑ። በ2003 አሥመራ ደረሱ። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች ነበሩባቸው።

የደንገሉ መርከቦች ግን ዛሬ የሉም። ሴባስቶፖል ናስ ስለሆነ መቅደላ ላይ ቆይቷል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳ የሚቀዝፍ የጣና ሰው በየጊዜው ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካላሰጣት በጥቂት ወራት ውስጥ ትበሰብሳለች፣ እሱም ሌላ ያስራል። 60 ጫማ የሆነችውን ማን አውጥቶ ያሰጣታል? በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺስማን ጣናን በዳር በዳሩ ዞሮ ካርታ ሲያነሣ የተሳፈረው በታንኳ ነው። ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ሐይቁ ላይ በብዛት የገቡት ከእሱ በኋላ፣ ከጣሊያኖች ጋር ነው፤ እነሱም በናፍጣ።